ዘንባባ የታሰረበት ጀልባ

የተኛሁበት ቤት ከስሩ ውሃ ነበር። ወለሉ ጣውላ ነው፣ ጣውላው ግንድ ላይ፣ ግንዱ ወንዝ ውስጥ። ሊነጋ ሲል ስነቃ ከጀርባዬ ስር ውሃው ቸብ ቸብ ሲል እሰማለሁ፤ ትልቅ ጀልባ ሲያልፍማ ቤቱ ራሱ ወዝወዝ ይልና አልጋው አቅፎ እሹሩሩ የሚለኝ ይመስለኛል። ዓይኔን ሳልገልጥ፣ «ክረምት ገብቶ ነው፣ ወንዛችን ሞልቶ ነው» እላለሁ። አምቦ ያለሁ እየመሰለኝ። ከዚያ ሙቀቱ ይመጣል፣ እንደ እርጥብ ጋቢ ገላ ላይ የሚጠመጠም ሙቀት። ያኔ ነው የት እንዳለሁ ትዝ የሚለኝ። ቬትናም ነኝ። ካን ቶ የሚሉት ከተማ፣ ሜኮንግ የሚሉት ወንዝ ዳር፣ የልጄ አማት ቤት።

እኔ የአምቦ ሴት ነኝ። ትምህርቱን ብዙ አልገፋሁበትም፤ ማንበብና መጻፍ እንደያዝኩ ዳሩኝ። ባሌ በጊዜ ስለሞተብኝ ያለችኝን አንዲት ሴት ልጅ ያሳደግኳት ጠላ ሸጬ ነው። በራፌ ላይ ረጅም እንጨት ተተክሏል፣ ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋል። ጣሳው ካለ ጠላ አለ፣ ጣሳው ከወረደ ጠላው አልቋል ማለት ነው። ከጉደር ገበያ የሚመለሰው ገበሬም፣ በአዲስ ዓለም በኩል ጭኖ የሚመጣው ሹፌርም ማንንም አይጠይቅ፣ ቀና ብሎ አይቶ ጎንበስ ብሎ ይገባል።

ደግሞ ፈሪ ነኝ። ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። በር ሲንኳኳ ልቤ ትንኳኳለች። ያኔ አምቦ ላይ መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክ የሚጠፋበት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ልከሽ እስኪመለስ በር ላይ የምትቆሚበት ዓመታት ነበሩ። ልጄ ጉደር እርሻ ስትማር ሚኒባሷ ትንሽ ከዘገየ ጌሾ ስወቅጥ ሙቀጫውን ትቼ አስፋልት ድረስ እወጣ ነበር። ተመርቃ፣ «እማዬ፣ ውጭ አገር ስለ ሩዝ የምማርበት ዕድል ወጣልኝ» ስትለኝ፣ የትኛው አገር እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ «ሂጂ» አልኳት። ከፍርሃቴ እንድትርቅልኝ ነው። ማን ያውቃል፣ ፍርሃትም አብሮ ቪዛ እንደሚያወጣ!

ሄደች፣ ተማረች፣ እዚያው የዓሳ እርባታ ባለሙያ የሆነ ልጅ አገባች። ቆይታ ደግሞ አረገዘች። ወላድ ያለ እናት አትታረስምና የገንፎ ገብሴን አስፈጭቼ፣ ቅቤዬን አንጥሬ፣ አብሹን፣ በርበሬውን፣ በሶውን ጠቅጥቄ ሄድኩ። ለሰው የነገርኩት ይኼን ነው፣ ላርሳት ነው። በሆዴ የያዝኩት ግን ሌላ ነው። ትውለድ፣ ትጠንክር፣ ከዚያ እሷንም ሕፃኑንም ይዤ አምቦ እመለሳለሁ። ሕፃኑ ቤተ ክርስቲያናችን ይጠመቃል። ባልየው ከወደደ ይከተላል፣ አሳ እንደሆነ ወንጪ ሐይቅም አለ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ አውሮፕላን ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይም የጸለይኩት ስለዚሁ ነው።

አማቷ አጠር ያለች፣ እንደ ቋንጣ የደረቀች፣ ፈጣን ሴት ናት። ባልቴት ናት እንደኔው። ባሏ የተወላትን ጀልባ ይዛ ጠዋት ጠዋት ውሃ ላይ ወዳለው ገበያ ዱባ ትወስዳለች። ቤቷ ውስጥ ከፍ ያለ መደርደሪያ አለ፣ የባሏ ፎቶ፣ ፊቱ ሙዝና ትንሽ ሲኒ ሻይ። ጠዋት ሻዩን ትቀይርለታለች። በመጀመሪያው ቀን ፈርቼ አማተብኩ። ኋላ ግን ከገበያ ስትመለስ ፎቶው ፊት ቆማ ስታወራ አየኋት፤ ድምፅዋ የጸሎት አይደለም፣ የወሬ ነው። ዱባው እንዴት እንደዋለ እየነገረችው ነበር። እኔም እኮ ጥንስስ ሲበላሽብኝ ለሞተው ባሌ ነው የማማርረው።

ቋንቋ የለንም። እሷ በሷ ታወራለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ ሲደክመኝ በኦሮምኛ። ለሷ ያው ነው። ልጄ ትስቅብናለች።

«እማዬ፣ ደግሞ ኦሮምኛውን ምን አመጣው?»

«እንግዲህ አማርኛው ካልገባት ልሞክርላት ብዬ ነዋ!»

ማዕድ ላይ ተቸገርን። ዐቢይ ጾም ነበርና አሳውንም፣ ስጋውንም፣ እንቁላሉንም መለስኩ። እነሱ ቤት ደግሞ ከአሳ የሚወጣ ጨዋማ ውሃ የማይገባበት ወጥ የለም። ሴትዮዋ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ፊቷ ጠቆረ። ምግቧን የተጸየፍኩባት መሰላት። ልጄ ጾም መሆኑን ስትነግራት ግን ጭኗን መታ አደረገች። ለካ እሷም ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ ስጋ አትቀምስም! «ስንት ጊዜ ነው የምትጾመው?» ብላ አስጠየቀችኝ። ከፋሲካ በፊት ያለውን ሁሉ ስትሰማ ምላሷን ጠጭ አድርጋ ተነሳችና፣ ከአኩሪ አተር የሚሰራ አይብ የመሰለ ነጭ ነገር በዘይት ጠብሳ፣ በዝንጅብል የተጠበሰ ጎመን ጨምራ አመጣችልኝ። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ ቀጫጭን እንጨቶቿ ከሳህኑ የተሻለውን እየመረጠች ጎድጓዳ ሳህኔ ውስጥ ታስቀምጥልኛለች። አፌ ውስጥ አላደረገችውም እንጂ ጉርሻ ነው። እኔ በእንጨቶቹ አልቻልኩም፤ ሩዙን ከአፌ ሳላደርስ ጭኔ ላይ እበትነዋለሁ። አማቼ፣ የልጄ ባል ማለቴ ነው፣ አንድ ቀን እጁን ታጥቦ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና ሩዙን እንደኔ በጣቱ በላ። እናቱ በማንኪያ ትከሻውን መታችው። እሱ ግን አልተወም።

ወደ ገበያው የወሰደችኝ አማቷ ናት። እኔ ውሃ እፈራለሁ። ወንጪ ሰው ሁሉ በጀልባ ሲሻገር ዳር ቁጭ ብዬ ቆሎ እየበላሁ የጠበቅኩ ሴት ነኝ። ልጄ፣ «እማዬ፣ እኔ ሆዴ ይህን ያህል ሆኖ ስገባ አንቺ ትፈሪያለሽ?» ስትለኝ አፍሬ ገባሁ። ጎህ እየቀደደ ነበር። ወንዙ ላይ ጉም ተኝቷል። ወንዙ ያመጣው እምቦጭ አረንጓዴ ሆኖ ይንሳፈፋል፣ አበባው ሐምራዊ። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ድምፅ መጣ፣ ሞተር፣ ሳቅ፣ የዶሮ ጩኸት። ቀጥሎ ዓይን መጣ። እውነቴን ነው፣ ዓይን! የጀልባዎቹ ሁሉ አፍንጫ ላይ ሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይን ተስሎባቸዋል። ከጉሙ እየወጡ አፍጥጠው ያዩኛል። እመቤቴን ጠርቼ የልጄን ክንድ ያዝኩ። ደግሞ ግን መፍራቴን ረሳሁት፣ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ውሃው ወተት ይመስላል፣ ሰማዩም ወተት፣ በመሃል ሴቶች ቅጠል በመሰለ ሾጣጣ ባርኔጣ ቆመው ይቀዝፋሉ፣ ማንም እግሩ መሬት አልነካም፤ ከወዲያኛው ዓለም የመጡ እንጂ ለገበያ የወጡ አይመስሉም ነበር። አንዷ አጠገባችን ተጠግታ ትኩስ የሩዝ ሾርባ ስትሸጥ ነው ወደዚህኛው ዓለም የተመለስኩት።

ከዚያ ቀና ስል እንጨቶቹን አየሁ። ከየጀልባው ረጅም እንጨት ቆሟል፣ ጫፉ ላይ አንድ ነገር ተንጠልጥሏል፤ አናናስ፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ በእኛው ጀልባ ላይ ዱባ።

«አንቺ!» አልኳት ልጄን፣ «ይኼማ ጣሳ ነው!»

«የምን ጣሳ?»

«የኔ ጣሳ ነዋ! አናናስ የሰቀለው አናናስ አለው፣ ሽንኩርት የሰቀለው ሽንኩርት አለው። የጠላ ቤት ምልክት!»

ልጄ እስክታነባ ሳቀች፤ ለአማቷ ነገረቻት። ሴትዮዋም መቅዘፊያዋን ይዛ ሳቀች። ከዚያ አንድ ጀልባ ላይ ገመድ ሙሉ የተሰጣ ሱሪና ሸሚዝ አሳይታኝ፣ እጇን እንደ መከልከል አወዛወዘች። ያ የሚሸጥ አይደለም፣ ጀልባው ላይ የሚኖሩ ሰዎች ልብስ ነው ለማለት ነው። «ይገባኛል» አልኩ፣ «እኔም ቤት ጣሳው እንጂ ቀሚሴ አይሸጥም።» ይኼም ተተረጎመላት። ያን ቀን ዱባውን ስናወርድ ስንጭን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ውሃው አላየሁም።

ከዚያ በኋላ ዘወትር ጠዋት አብሬያት እወጣ ጀመር። ገዢዎቿ ለመዱኝ። አንዷ ጸጉሬን ነካ ነካ አድርጋ ሚጥሚጣ የምታክል ቃሪያ ሰጠችኝ፣ አቅምሳ ልታስለቅሰኝ። እኔ ደግሞ የአምቦ ሴት! ዝም ብዬ ቆረጠምኳት። ጀልባው ሁሉ አጨበጨበ።

ከሰዓት ከሰዓት ግን ሁለት ምሰሶ መሃል በተሰቀለው የጨርቅ አልጋ ላይ ልጄ ጋደም ስትል እኔ አጠገቧ ዱባ ፍሬ እየፈለፈልኩ ያንን የሆዴን ነገር አነሳለሁ።

«አምቦ ብትሆኚ አየሩ ራሱ ያርስሽ ነበር።»

«እህ።»

«አምቦ ሕፃኑ ማርያም ይጠመቃል። አምቦ ቤቱ ያንቺ፣ ጓሮው ያንቺ።»

«እማዬ፣ አምቦ አሁን ሰላም ነው?»

«ደህና ነው» እላለሁ። ድምፄን እሷ ታውቀዋለች።

«ባለፈው ስደውልልሽ ስልክሽ ለምን ጠፋ ታዲያ?»

ፍሬውን እፈለፍላለሁ። እሷም «ቆይ፣ ልውለድና እናወራለን» ትላለች። እምቢ አላለችም፣ እሺም አላለችም። እዚያ ወዲያ ማዶ አማቷ ጎንበስ ብላ መረብ ትጠግናለች። እኛ ከምናወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚገባት፣ «አምቦ»። አምቦ በተባለ ቁጥር እጇ ቀጥ ይላል። ቀና ብላ አይታን ትመለሳለች። እኔ ይኼንን አይቻለሁ። ግን ልብ አላልኩትም፤ የራሷ ፍርሃት ያላት ሰው የሌላውን ፍርሃት በምን ዓይኗ ታየዋለች?

ሆሳዕና ደረሰ። እዚያ አገር ቀን የሚጠፋብኝ እየመሰለኝ ለጎረቤቴ ደውዬ ነው ያረጋገጥኩት። «እትዬ፣ እዚያ ዘንባባ ይገኛል ወይ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። አምቦ አንዲት ቅጠል ለማግኘት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ትከሻ ለትከሻ እንጋፋለን። እዚህ ወንዙ ዳርና ዳሩ ዘንባባ፣ የቤቱ ክዳን ዘንባባ፣ ከግንዱም ከውሃውም የሚበቅል ዘንባባ! አገሩ በሙሉ ሆሳዕና ነበር፣ ማንም ሳያውቀው።

አማቷ ያን ቀን አልነበረችም። የባሏ ወንድም ሙት ዓመት ነበርና ልጇ በሞተር ሳይክሉ ጭኖ ወስዷታል። ልጄ ሆዷ ከብዷት ተኝታለች። እኔ ቢላ ይዤ ደረጃው ስር ወርጄ ለጋ ለጋውን ቆረጥኩ። ካህን ያልባረከው ቢሆንም እግዚአብሔር ልብ ያያል ብዬ፣ ተቀምጬ ጎነጎንኩ። ለልጄ የግንባር፣ ለአማቼ የጣት ቀለበት፣ ለሚመጣው ሕፃን ክር የምታክል፣ ለአማቷም አንድ። ጎነጎንኩ፣ ጎነጎንኩ፣ ጭኔ ሙሉ ቀለበት ሆነ። ከሚያሟሟው ሙቀትና ከውሃው ድምፅ ጋር እንቅልፍ ይሁን ጸሎት ያልለየለት ነገር ይዞኝ ነበር።

አንድ ትልቅ ቅጠል ተረፈኝ። ቤት ቢሆን በሬ ላይ አስረው ነበር። ይኼ በር ግን የሷ ነው፣ ሙታኗ አሉበት፣ ደፈር ለማለት ፈራሁ። ዙሪያዬን ሳይ ጀልባዋ ደረጃው ስር ታስራ፣ በዓይኖቿ ታየኛለች። ዱባው ትናንት አልቆ እንጨቱ ባዶውን ቆሟል። እኔን ፈሪዋን በየጠዋቱ አድርሳ የመለሰች ጀልባ ናት፤ ለሷ ይገባታል አልኩ። ደረጃው ላይ እንደቆምኩ እንጨቱን ወደ ራሴ ጎትቼ ዘንባባውን ጫፉ ላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ስለቀው ቀጥ ብሎ ቆመና በንፋሱ ተውለበለበ። እንዴት እንዳማረ! ብቻዬን እልል አልኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ልጄን እንዳልቀሰቅስ።

ብዙ አልቆየም፣ አንድ ሰውዬ ጀልባውን አስጠግቶ መጣ። ቅጠሉን አይቶ፣ የጀልባዋን ጎን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ጠየቀኝ። እንግዲህ በዓሉን ሊጠይቅ የመጣ መስሎኝ፣ «ኮታ፣ ኮታ» አልኩት፣ ኑ ኑ ማለቴ ነው፣ በኦሮምኛ፤ የዘንባባ ቀለበትም ሰጠሁት። ሰውዬው ቀለበቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ጣቱ ላይ አደረገው። ሌላ መጣ። ለሱም ሰጠሁ። ሦስተኛው ከነሚስቱ መጣ፤ ሚስትየው ጀልባዋ ውስጥ ገብታ ጣውላውን ትረግጣለች፣ ባልየው የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ያሸታል። እኔ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያልኩ አመሰግናለሁ፣ ቀለበት አድላለሁ። ሕዝቡ እንዴት ደግ ነው፣ የሰው በዓል ያከብራል! እላለሁ በልቤ።

የሞተር ሳይክል ድምፅ ሰማሁ። አማቷ ከኋላ ወርዳ በአትክልቱ በኩል መጣች፣ በእጇ ከሙት ዓመቱ የያዘችው ምግብ በቅጠል ተጠቅልሏል። እኔ አሁንም «ኮታ» እያልኩ ስጠራ ሰዎቹን አየች። ዘንባባውን አየች። ቆመች። ከዚያ ምግቡን መሬት አስቀምጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም። ልጇን በዝቅታ አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱም ሁለት እጁን አንስቶ፣ ደረቱን እየመታ፣ ወደ አባቱ ፎቶ እያሳየ ይምላል። እኔ የመጨረሻውን ቀለበት ጣቴ ላይ ይዤ ቀረሁ። ልጄ ከእንቅልፏ ተነስታ ግድግዳ ይዛ ወጣች።

«እማዬ! ምን አድርገሽ ነው?»

«ምን አደረግኩ? ሆሳዕና እኮ ነው!»

«እንጨቱ ላይ ምንድን ነው ያሰርሽው?»

«ዘንባባ ነዋ። ምን ላስር፣ ጣሳ?»

ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «እማዬ፣ እዚህ አገር ጀልባ ላይ የዘንባባ ቅጠል ከታሰረ የሚሸጠው ጀልባው ነው።»

ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ሰውዬው ጣውላ ሲያንኳኳ፣ ሴትዮዋ ስትረግጥ፣ ባሏ ሞተር ሲያሸት! ሠላሳ ዓመት እንጨት ላይ ምልክት ሰቅላ ልጅ ያሳደገች ሴት የሰው ጀልባ ገበያ አወጣሁ። ልጄ መሳቅ ጀመረች፣ አማቼም ሳቀ፣ ለገዢዎቹ ሲነገራቸው እነሱም ቀለበታቸውን እያዩ ሳቁ። ከነሱ አንዱ በቀልድ፣ «ይኼ ቀለበት ታዲያ ቀብድ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ አሉኝ።

አማቷ ብቻ አልሳቀችም።

ገዢዎቹ ሄደው ውሃው ጸጥ ሲል መናገር ጀመረች፣ ወደ ወንዙ እያየች። ልጄ ሳቋ ቆመ።

«ምን ትላለች?» አልኩ።

«ተይው እማዬ።»

«ንገሪኝ!»

«ልጄ የአባቱን ጀልባ ሸጦ ሊሄድ ነው ብዬ ደነገጥኩ ነው የምትለው። በየቀኑ አምቦ፣ አምቦ ትላላችሁ። ለሕፃኑ ብርድ ልብስ ስሰፋ ማን ሊለብሰው ነው እያልኩ ነው የምሰፋው ነው የምትለው።» ልጄ ወደ አማቷ አየች። «ይዛችሁ ልትሄድ ነው ወይ የመጣችው ብለሽ ጠይቂልኝ አለችኝ።»

ሴትዮዋ አሁን ወደኔ ዞረች። እኔ ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። አስፋልት ዳር ቆሜ የጉደርን ሚኒባስ የጠበቅኩበት ዓይን ነው። ልጄም ታየኛለች፣ አማቼም። የልጄ ፊት ላይ ደግሞ ልመና አየሁ። ከማን ወገን ሆና እንደምትለምን ግን አልጠፋኝም። እሷ እምቢ ያላለችኝ ልትመጣ አስባ አልነበረም። እንዳታስለቅሰኝ ፈርታ ነው። የኔ ልጅ፣ ፍርሃቱን ከኔ ወስዳዋለች።

«አይደለም» ብል ውሸት ነው። «አዎ» ብል ያቺ ሴት ከዚያ ደረጃ አትነሳም። ተነሳሁና ወደ ውሃው ወረድኩ። ብቻዬን ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር፣ ሁልጊዜ እጄን ይዛ የምታስገባኝ እሷ ናት። ጀልባዋ ስረግጣት ወደ አንድ ወገን ዘንበል አለች፣ ልቤም አብራ። ልጄ «እማዬ!» ብላ ጮኸች። እንጨቱን ይዤ ቆምኩ። ቋጠሮውን ጠብቄ አስሬው ኖሮ አልፈታ አለኝ፣ በጥርሴ ነው የፈታሁት። ዘንባባውን አወረድኩ። መሃል ላይ የቆመውን ባዶ እንጨት እያየሁ እንባዬ መጣ፤ ልጄንም ሕፃኑንም ይዞ የመመለሱን ነገር ያን ጊዜ ነው ከሆዴ ያወረድኩት። ማንም አልተረጎመልኝም።

እጅ ተዘረጋልኝ። ቀና ስል አማቷ ናት። እንደ ወትሮው ያዘችኝና ወደ ደረጃው አወጣችኝ። ቅጠሉን ከእጄ ወሰደች፣ አገላብጣ አየችው። ቤት ውስጥ ገብታ ከመደርደሪያው ጎን፣ ከባሏ ፎቶ አጠገብ፣ በሩ መቃን ላይ ሰካችው። ከዚያ ጓዳ ገብታ ለቤት ያስቀረችውን ዱባ ይዛ ወጣችና፣ የነገውን ገበያ ሳትጠብቅ በዚያው ሰዓት እንጨቱ ላይ ሰቀለችው። ያን ጊዜ ነው የሳቀችው። ሳቋ ቆይቶ መጣ እንጂ ሲመጣ ጎርፍ ነበር፤ የቀለበቱን ነገር እጇን እያሳየች፣ እኔ ሰዎቹን በእጄ ስጠራ እንደነበረው እያስመሰለች፣ «ኮታ! ኮታ!» እያለች። ኦሮምኛ ከኔ የያዘችው ያቺን ነው።

ልጄ ከፋሲካ በኋላ ወለደች፣ ሴት። ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ እልልታዬን ሳቀልጠው ነርሶቹ አንድ ሰው የሞተ መስሏቸው ሮጠው መጡ። አማቷ እንድደግመው በእጇ ለመነችኝ። ቤት ስንገባ ያ ሁሉ ሙቀት እያለ ከአራሷ አልጋ ስር የከሰል ምድጃ አስገባች፣ ብርድ እንዳይመታት። እኔ ገንፎውን አገነፋሁ፣ እሷ በሁለት እንጨቷ ከቅቤው እየነከረች ጨረሰችው። ሕፃኗን ባየች ቁጥር ፊቷን ኮስኩሳ አንድ ነገር ትላለች። ልጄ፣ «አስቀያሚ ናት እያለች ነው፣ ክፉ መንፈስ እንዳይወስዳት» ስትለኝ፣ እኔም ቡዳ እንዳይበላት ቀረብ ብዬ፣ «እውነቷን ነው፣ ጦጣ ናት» አልኩ። እያቆላመጥን ሰደብናት።

ብቻዬን ተመለስኩ። ስትጠነክር ይዘዋት ይመጣሉ፣ ያኔ ትጠመቃለች ብለዋል። እስካሁን አልተጠመቀችም፤ ይኼ አንድ እሾህ ነው፣ አለ፣ ይወጋኛል። አንገቷ ላይ ግን ማተብ አስሬላታለሁ፣ የልጄ አማትም ክሩ እየታጠበ ሲያልቅ በራሷ ጥቁር ክር ትቀይርላታለች።

አሁንም እፈራለሁ። ስልክ ሲጠፋ እፈራለሁ፣ ሲመለስም እፈራለሁ። ጠዋት ጣሳዬን ስሰቅል እነሱ ጋ ቀትር ሆኗል፣ ጀልባዋ ከገበያ ተመልሳ ታስራለች። የእሁድ እሁዱ ስልክ ሲጮኽ መጀመሪያ የምትታየኝ አማቷ ናት። ሕፃኗን አታሳየኝም፣ ልጄንም አታሳየኝም። ስልኩን ይዛ ደረጃውን ትወርድና ወደ ላይ ታቀናዋለች። እንጨቱ ጫፍ ላይ ዱባ አለ። እኔም ስልኬን ይዤ በራፌ ድረስ እወጣለሁ፣ ጣሳዬን አሳያታለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ልጆቹን የምንጠራቸው።